ባቡር የወለዳት ከተማ ለገበሬው ምን ታስተምራለች?

በአንድ ወረዳ መንገድ ሊጠረግ ወይም ፋብሪካ ሊተከል ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ሁለት ጥያቄዎች ይከተላሉ። ወጣቱ “ሥራ ይገኛል ወይ?” ይላል፤ ገበሬው ደግሞ “መሬቴስ?” ይላል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። መልሱን ለማግኘት ከ120 ዓመታት በፊት ባዶ ሜዳ ላይ የተቆረቆረችውን ድሬዳዋን መመልከት ይጠቅማል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለአማካሪያቸው ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነበር። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ሐረር ደጋ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ዳገቱን መውጣት ከፍተኛ ወጪ ይጠይቅ ነበር። በመሆኑም መስመሩ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም እዚያ ሲደርስ ድሬዳዋ ተወለደች። በመጀመሪያም “አዲስ ሐረር” የሚል ስም ተሰጥቷት ነበር።

ሥራው በገንዘብ እጥረት በመጓተቱ ሀዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። በእነዚያ ዓመታት ከወደብ የመጣው ዕቃ ድሬዳዋ ላይ ከባቡር እየተራገፈ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። ዕቃ የሚራገፍበት ቦታ ደግሞ መጋዘን፣ ማደሪያ፣ ምግብ ቤትና የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል። የባቡር ጥገና ጋራዡ ባለሙያዎችን አፈራ፤ በኋላም የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ተከተሉ። ለዘመናት የአካባቢው ንግድ ማዕከል የነበረችው ሐረር ከድርሻዋ ብዙውን ለታናሽ እህቷ ለቀቀች።

ለውጡ በከተማ አጥር ውስጥ ብቻ አልቀረም። የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን ወደ ወደብ የሚያወርድበት አጭር መንገድ አገኘ። ጫትና አትክልትም ከደጋው እየወረደ ገበያ አገኘ። ከተማዋ ስታድግ ቀላቢዋ በዙሪያዋ ያለው አርሶ አደር ነበር።

ዕድገቱ ግን ዋጋም አስከፍሏል። ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰውም በዳርቻው ቤት ሠራ፤ ንግድም ተጧጧፈ። በ1998 ዓ.ም ክረምት ከደጋው የወረደው ጎርፍ በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። የወንዝን መንገድ የረሳ የከተማ ዕድገት ምን እንደሚያስከትል ያሳየ አደጋ ነው። የላይኛው ተፋሰስ ካልለማ የታችኛው ከተማ ሰላም እንደማያገኝም አስተምሯል።

ሌላም ትምህርት አለ። አሮጌው ባቡር እያረጀ አገልግሎቱ ሲቋረጥ በሀዲዱ ላይ የቆመው ኑሮም አብሮ ተዳክሟል። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ጣቢያው ከመሃል ከተማው ውጭ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቷል፤ ነሐሴ 2014 ዓ.ም ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጣና ሥራ ጀምሯል። ከተማዋም ፊቷን ወደ አዲሱ መስመር እያዞረች ነው። ትናንት ዳር የነበረ መሬት ነገ መሃል ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ለወረዳ አመራሮችና ለአርሶ አደሮች ምን ይላል? አንደኛ፣ መንገዱ የት እንደሚያልፍ ሲታወቅ የእርሻ፣ የመኖሪያና የኢንዱስትሪ ቦታን ቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ለም መሬት በቤት ከተሸፈነ በኋላ መመለስ አይቻልም። ሁለተኛ፣ መሬት የሚለቅ አርሶ አደር ካሳው በቅድሚያ ሊከፈለውና መልሶ ሊቋቋም ይገባል፤ ይህ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የተደነገገ ነው። ካሳውን በልቶ የጨረሰ ቤተሰብ የከተማው የቀን ሠራተኛ ሆኖ እንዳይቀር ምክርና ሥልጠና ያሻዋል።

ሦስተኛ፣ ፋብሪካ የሚፈልገው ጥራቱን የጠበቀና ሳይቋረጥ የሚቀርብ ምርት ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን ይህን ማሟላት ይከብደዋል፤ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ፣ በኩታ ገጠም አርሶ፣ ቀድሞ ውል ይዞ ከቀረበ ግን ይችላል። መጋቢ መንገዱም አብሮ መታሰብ አለበት። ዋናው አስፋልት በአጠገቡ አልፎ ቲማቲሙ በክረምት ጭቃ የሚበሰብስበት ቀበሌ ከከተማው ዕድገት የሚደርሰው ወሬው ብቻ ነው።

ድሬዳዋን ባቡር ወለዳት፤ ፋብሪካ አሳደጋት። ዛሬ መንገድና ፋብሪካ የሚጠብቁ ወረዳዎች ከእርሷ የሚሻሉበት አንድ ዕድል አላቸው፤ የሚመጣውን አውቀው ከወዲሁ መዘጋጀት ይችላሉ።