የመኪና መስታወት ማንሻ፦ ከበሩ ሽፋን ጀርባ ያለው ሥራ

ክረምት ሲገባ የበር መስታወት ብልሽት ይበረክታል። በጋውን ሙሉ አቧራ የጠጣው የመስታወት ጎማ ዝናብ ሲነካው ጭቃ ይይዛል፤ መስታወቱ ይከብዳል፣ ሞተሩ ይጨነቃል፤ አንድ ቀን ስዊቹን ሲጫኑት «ቋ» ብሎ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ከብዙ ሰው አፍ የሚወጣው «ሞተሩ ተቃጠለ» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ ደህና ነው፤ ባለመኪናው የሚከስረውም ይህ ሳይጣራ አዲስ ሞተር ሲገዛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ፓካርድ አሜሪካ ውስጥ በሠራቸው ቅንጡ መኪኖች መስታወት የሚወጣው በዘይት ግፊት ነበር። ዛሬ ሥራውን የሚሠራው በ12 ቮልት የሚዞር ትንሽ ሞተር ነው። የሞተሩ ዘንግ ጫፍ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፕላስቲክ የተሠራ ማርሽ ያዞራል። ዘንጉ ማርሹን ያዞረዋል፤ ማርሹ ግን ዘንጉን መልሶ ማዞር አይችልም። ሌባ ከውጭ መስታወቱን በእጁ ሲገፋው የማይወርድለትም ለዚህ ነው።

የሞተሩን ዙር ተቀብሎ መስታወቱን የሚያወጣው ብረት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቆዩ ቶዮታዎች ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንደ መቀስ የተጠላለፈ ክንድ ነው፤ ከባድ ነው፣ ቶሎም አይሰበርም። ሌላው በካቦ የሚሠራው ነው፤ ቀጭን የብረት ገመድ በፑሊ ዞሮ መስታወቱን የያዘውን ፕላስቲክ በሐዲድ ላይ ይጎትተዋል። ይኸኛው ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ፕላስቲኩ ደካማ ጎኑ ነው። አራተኛው ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ የሚታማው በዚሁ ነው፤ ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ መስታወቱ በድንገት በሩ ውስጥ ይወድቃል።

ጥሩ ባለሙያ ሽፋኑን ከመፍታቱ በፊት ያዳምጣል። ሞተሩ እያጉረመረመ መስታወቱ ካልተንቀሳቀሰ ካቦው ተበጥሷል ወይም ማርሹ ተበልቷል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ሞተሩን ከማውጣቱ በፊት ፊውዙንና ስዊቹን ይፈትሻል፤ ቀጥሎም በሩና አካሉ መገናኛ ላይ ባለው ጎማ ውስጥ የሚያልፉትን ሽቦዎች ያያል። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እነዚያ ሽቦዎች ይታጠፋሉ፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ይበጠሳሉ። ስዊቹ ሲጫን የጣሪያው መብራት ትንሽ ደብዘዝ ካለ ግን ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ጋር እየደረሰ ነው። ሌላም አለ፦ ልጆች መስታወቱን ደጋግመው ሲያወጡና ሲያወርዱ ሞተሩ ይግልና ውስጡ ያለው መከላከያ ያቆመዋል። ቀዝቀዝ ሲል በራሱ ይነሳል።

ሥራው ራሱ ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ መስታወቱን ከፍ አድርጎ በፕላስተር ከበሩ ፍሬም ጋር ማሰር ነው። ከዚያ የተደበቁት ብሎኖች ይፈቱና ሽፋኑ ከቅንጥቦቹ በቀስታ ይላቀቃል። ከሥሩ የተለጠፈውን ላስቲክ ቀዶ መጣል ትልቅ ጥፋት ነው፤ ዝናብ ወደ ሳሎኑ እንዳይገባ የሚከላከለው እሱ ነው። በመቀሱ ዓይነት ላይ ጠምዛዛ ስፕሪንግ ካለ፣ ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ክንዱ በደንብ መታሰር አለበት። ሳይታሰር ከተፈታ ክንዱ በኃይል ተስፈንጥሮ ጣት ይቆርጣል። ይህን የሚያቃልል ሰው እጁን በሩ ውስጥ ባይከት ይሻለዋል።

አዲሱ ዕቃ ሲገጠም ብሎኖቹን ወዲያው አለማጥበቅ ነው። መስታወቱ እስከ ላይ ወጥቶ በጎማው መሃል ቦታውን ሲይዝ ነው መጥበቅ ያለባቸው፤ ካልሆነ ጠምሞ ይሄድና አዲሱንም ይሰብረዋል። ባትሪ ከተነቀለ በኋላ በአንድ ንክኪ እስከ ላይ መውጣቱን የሚተው መኪና አለ፤ በብዙዎቹ መስታወቱ ከተዘጋ በኋላ ስዊቹን ወደ ላይ ጥቂት ሰከንድ ይዞ መቆየት ይመልሰዋል።

ክረምት ሳይገባ የመስታወቱን ጎማ በእርጥብ ጨርቅ አጽዱና ሲሊኮን ስፕሬይ ንፉበት። ዘይትና ግሪስ ግን አቧራ ይሰበስባሉ፣ ጎማውንም ይጎዳሉ። ጋራዥ ከሄዳችሁም ሞተር ግዙ ስትባሉ፣ ባለሙያው ሞተሩን ፈትቶ በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ከዞረ አትግዙ።