የጤና መድኅን ዋጋ፤ ከፋዩ ሊያውቀው የሚገባው ሒሳብ

መግቢያ

በአገራችን ገጠር እህል ተሰብስቦ ጎተራ ከገባ በኋላ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን መዋጮ የሚከፈልበት ወራት ይመጣል። ከመካከላችን አንዱ በዚሁ ወራት ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰቡ በሄደ ጊዜ እናቱ የመድኅኑን ደብተር ከሣጥን አውጥተው፣ «ልጄ፣ አንተ ተምረሃልና ንገረኝ፤ ዘንድሮስ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?» ሲሉ ጠየቁት። ቅሬታቸው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ መዋጮው ከአምናው ጨምሯል። ሁለተኛ፣ ባለፈው ክረምት ታመው ጤና ጣቢያ በሄዱ ጊዜ ምርመራው በደብተሩ በነፃ ቢደረግላቸውም፣ ከታዘዙላቸው መድኃኒቶች አንደኛው እዚያ ስላልተገኘ ከከተማ በገንዘባቸው ለመግዛት ተገድደዋል።

ጓደኛችን የምጣኔ ሀብት ተማሪ ቢሆንም የሚያረካ መልስ ሳይሰጥ ተመለሰ። ጥያቄው የአንዲት እናት ብቻ እንዳልሆነ ስለ ተረዳን፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ የጤና መድኅን ዋጋ ከምን ከምን እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚጨምርና ማሻሻያው ከየት መጀመር እንደሚገባው ለመመርመር አስበናል። አስቀድመን የምንለው ይህ ነው፤ የመዋጮው መጨመርና የመድኃኒቱ መጥፋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መስለው ይታያሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው።

፩. ዕድርና መድኅን

የመድኅን አሳብ ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። ብዙዎች ጥቂት በጥቂት አዋጥተው በአንዱ ላይ የወደቀውን ከባድ ነገር አብረው መሸከም በዕድር የታወቀ ነው። ነገር ግን ሞትና በሽታ በሒሳብ ረገድ አንድ አይደሉም። ሞት አያከራክርም፤ ዕድሩም ለሐዘንተኛው የሚሰጠው ገንዘብ በደንቡ ተወስኗል። የበሽታ ወጪ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። አንዱ በጥቂት ብር ክኒን ይድናል፤ ሌላው ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ወጪውንም የሚወስነው ከፋዩ ሳይሆን ሐኪሙ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ዕድር ከቆየ በኋላ የሚገባ አዲስ አባል መግቢያ እንዲከፍል ይጠየቃል። ይህም ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። ሰው ሁሉ ችግሩ ሲደርስበት ብቻ ልግባ ቢል ኖሮ አንድም ዕድር ባልቆመ ነበርና ነው። አባቶቻችን በልምድ የደረሱበት ይህ ጥበብ የጤና መድኅንም ዋና ጥያቄ መሆኑን ወደ ፊት እናያለን።

፪. የሥርዓቱ አመሠራረት

መንግሥት በ1990 ዓ.ም. የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስልት ካወጣ በኋላ የጤና መድኅን አሳብ እየተብራራ መጣ። የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣ፤ ይህም በተለይ ለደመወዝተኛው የታሰበ ሲሆን፣ ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 3፣ አሠሪውም ከመቶ 3 እንዲያዋጡ የታቀደ ነበር። አፈጻጸሙ ግን በየጊዜው እየተላለፈ ለብዙ ዓመታት ቆየ።

ለገበሬውና በግል ሥራ ለሚተዳደረው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ መድኅን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በዚያን ጊዜ የደቡብ ብሔሮች ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ይባል በነበረው ክልል በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። መዋጮው በዚያን ጊዜ ለአንድ ቤተ ሰብ በወር ከ10 ብር ከ50 ሳንቲም እስከ 15 ብር ይደርስ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት አባላቱ ካዋጡት ላይ ከመቶ 25 ይጨምር ነበር፤ መክፈል የማይችለውን ድኻም ወረዳውና ክልሉ ይከፍሉለት ነበር።

አባልነቱ በቤተ ሰብ እንጂ በነፍስ ወከፍ እንዳይሆን ተደረገ። ይህም አባወራው ጤነኞቹን ትቶ የታመመውን ብቻ እንዳያስመዘግብ ነው። አባሉ በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ከዚያም በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ቢተላለፍ ሕክምናውን በነፃ ያገኛል። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ግን የወጪውን ግማሽ ራሱ እንዲከፍል ተወሰነ። በውጭ አገር የሚደረግ ሕክምና፣ ለመልክ ማሳመሪያ የሚደረገውና ሰው ሠራሽ ጥርስ በመድኅኑ አይሸፈኑም።

ሙከራው በተጀመረ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሚመለከታቸው ቤተ ሰቦች ከመቶ 45 ያህሉ አባል ሆነዋል። ከገቡትም ከመቶ 82 የሚሆኑት በሚከተለው ዓመት ደብተራቸውን አሳድሰዋል። በፈቃድ ላይ ለተመሠረተ ሥርዓት ይህ የሚናቅ ውጤት አይደለም። ነገር ግን የቀሩት 18ቱ ለምን ወጡ? የጓደኛችን እናት ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

፫. መዋጮ ለምን ይጨምራል?

ነገሩን በቀላል ምሳሌ እንመልከተው። በአንድ ቀበሌ 100 ቤተ ሰቦች አባል ሆኑ እንበል። በዓመት ውስጥ 20ዎቹ ይታመሙባቸዋል፤ የእያንዳንዳቸው ሕክምና 1,000 ብር ይፈጃል። ጠቅላላው ወጪ 20,000 ብር ስለሆነ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ 200 ብር ማዋጣት ይበቃዋል።

በሚቀጥለው ዓመት በጤንነታቸው የሚተማመኑ 30 ቤተ ሰቦች «እኛ መቼ ታመምን?» ብለው ወጡ። ከእነዚህ መካከል የሚታመሙት 2 ብቻ ነበሩ እንበል። የቀሩት 70 ሆነው የ18 ሕመምተኞችን 18,000 ብር መሸከም አለባቸው፤ መዋጮው 257 ብር ገደማ ይሆናል። ይህን ያዩ ሌሎች 20 ጤነኞች ደግሞ ይወጣሉ፤ በእነርሱም ዘንድ የሚታመሙት 2 ብቻ ቢሆኑ፣ የቀሩት 50 ቤተ ሰቦች 16,000 ብር ሲካፈሉ ለእያንዳንዱ 320 ብር ይደርሰዋል።

አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሐኪሙም ምርመራውም አልተወደደም። የመዋጮውን ልክ ከ200 ወደ 320 ብር ያደረሰው የወጡት ሰዎች መውጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ከፋዩ ለመዋጮ የሚያወጣው ብር በራሱ ጤንነት ሳይሆን አብረውት ባሉት ሰዎች ማንነት የሚወሰን ነው።

ከዚህ ሌላ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ ገንዘብ በመፍራት ከሕክምና ቀርቶ የነበረ ሰው ደብተር ሲያገኝ ወደ ጤና ጣቢያ መሄዱ ነው። በሙከራው ወረዳዎች አባል በሆኑት ዘንድ ወደ መንግሥት ጤና ድርጅት የሚደረገው ጉብኝት ቢያንስ በ45 ከመቶ ጨምሯል። ይህ መጨመር ጥፋት ሳይሆን መድኅኑ የተቋቋመበት ዓላማ ነው፤ ሆኖም ገንዘብ ይጠይቃል። ሁለተኛው የመድኃኒት ዋጋ ነው። ከምንጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። የብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር የሚገዛ ክኒን በብር ሲመነዘር ዋጋው የት እንደሚደርስ ማንም ሊያሰላው ይችላል።

፬. የመዋጮው ልክ ዋጋው አይደለም

ከፋዩ ብዙ ጊዜ የሚያስበው በደረሰኙ ላይ የተጻፈውን ብር ብቻ ነው። እውነተኛው ዋጋ ግን መዋጮው፣ ከውጭ የሚገዛው መድኃኒትና የመጓጓዣው ገንዘብ ተደምረው ነው። ይህንንም ለምሳሌ ብቻ በወሰድናቸው ቁጥሮች እናስረዳ።

መዋጮው በዓመት 800 ብር ይሁን። ቀላል ሕመም በሚመጣበት ዓመት የጤና ጣቢያው ሕክምና 500 ብር፣ እዚያ ጠፍቶ ከውጭ የሚገዛው መድኃኒት 600 ብር፣ መጓጓዣው 200 ብር ቢሆን፣ አባል ያልሆነው ሰው 1,300 ብር ያወጣል። አባሉ ግን መዋጮውን፣ መድኃኒቱንና መጓጓዣውን ሲደምር 1,600 ብር ያወጣል። መድኅን በመግባቱ 300 ብር ከሰረ ማለት ነው።

ከባድ ሕመም በሚመጣበት ዓመት ደግሞ የሆስፒታል ሕክምናው ከመድኃኒቱ ጋር 12,000 ብር፣ መጓጓዣው 1,000 ብር ይሁን፤ ከ12,000ው ውስጥ የ2,000 ብር መድኃኒት ከውጭ ተገዛ እንበል። አባል ያልሆነው 13,000 ብር ሲያወጣ አባሉ የሚያወጣው 3,800 ብር ነው። ለገበሬው ይህ ልዩነት በሬውን ሸጦ በመታከምና በሬውን ይዞ ከርሞ በማረስ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

እንግዲህ የታዘዘው መድኃኒት ሁሉ በጤና ድርጅቱ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ አባሉ በቀላሉ ዓመት 1,000 ብር ብቻ፣ በከባዱም 1,800 ብር ብቻ ባወጣ ነበር። በሁለቱም ዓመት ካልገባው ይሻለዋል። ቀላሉን ዓመት ወደ ኪሳራ የለወጠው የመድኃኒቱ መጥፋት መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ሰው የሚፈርደው በአብዛኛው በቀላሉ ዓመት ነው፤ ከባዱ ዓመት በብዙዎች ላይ አይደርስምና። በቀላሉ ዓመት የከሰረ ጤነኛ ሰው ይወጣል። እርሱ ሲወጣ የወረዳው ካዝና ይሳሳል። ካዝናው ሲሳሳ ለጤና ጣቢያው ላከማቸው ሰዎች የሚከፈለው ገንዘብ ይዘገያል። ገንዘቡ ሲዘገይ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ያጣል፤ መድኃኒት ሲታጣም ሌላው ጤነኛ ይወጣል። በመግቢያችን ሥራቸው አንድ ነው ያልነው ይህን ዙሪያ ጥምጥም ነው።

፭. የማሻሻያው መንገድ

ጤነኛው እንዳይወጣ ከሚደረግባቸው መንገዶች የታወቀው አባልነትን ግዴታ ማድረግ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1883 ያወጣችው ሕግ በተወሰኑ የሥራ መስኮች የተሰማሩ ሠራተኞች በግዴታ መድኅን እንዲገቡ አዘዘ፤ ከመዋጮውም ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው ይከፍሉ ነበር። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ መድኅን ባልገባ ሰው ላይ የገንዘብ ቅጣት ጥሎ ነበር፤ ቅጣቱ ከ2019 ጀምሮ ወደ ዜሮ ወርዷል። ከዚሁ ሕግ ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ሌላ ክፍል አለ። ለግለሰቦች መድኅን የሚሸጥ ድርጅት ከሰበሰበው መዋጮ ቢያንስ ከመቶ 80ውን ለሕክምናና ጥራቱን ለማሻሻል ማዋል አለበት፤ ካላዋለ ልዩነቱን ለከፋዮቹ ይመልሳል።

በእኛ አስተያየት ግዴታ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። የታዘዘው ክኒን በሌለበት ሰውን አስገድዶ ማስከፈል መድኅን መሆኑ ቀርቶ ግብር ይሆናል። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን እንወድዳለን።

በመጀመሪያ፣ ወረዳው ከመንግሥት ጤና ድርጅት ውጭ ካሉ መድኃኒት ቤቶች ጋር ውል ገብቶ፣ በጤና ጣቢያው የጠፋውን መድኃኒት አባሉ በማዘዣውና በደብተሩ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ የአንድ ወረዳ ካዝና ጥቂት ከባድ ሕመሞች ሊያናጉት ስለሚችሉ፣ የብዙ ወረዳዎች ገንዘብ በአንድነት እንዲጠራቀም ማድረግ ነው። ሦስተኛ፣ የዕድር ዳኛ ሒሳቡን በአባላቱ ፊት እንደሚያስነብብ ሁሉ፣ የመድኅኑም ገቢና ወጪ፣ የጠፉትም መድኃኒቶች ስም ዝርዝር በየቀበሌው በዓመት አንድ ጊዜ እንዲነበብ ነው። እነዚህ ከተፈጸሙ በኋላ ግዴታው ቢመጣ ሕዝቡ የሚቃወመው አይመስለንም።

መደምደሚያ

ለጓደኛችን እናት የምንሰጠው መልስ ይክፈሉ የሚል ነው። አምና የከፈሉት ብር የከባዱ ዓመት መያዣ እንጂ በከንቱ የጠፋ አይደለም፤ እርሳቸው ባይታመሙበትም የጎረቤታቸውን ልጅ አሳክሟል። ከመክፈላቸው ጋር ግን ሌላ ነገር እንዲያደርጉ እንለምናቸዋለን። ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የሪፈሩን ሥርዓት ይጠብቁ፤ ከውጭ የገዙትን መድኃኒት ማዘዣና ደረሰኝ አይጣሉ፤ በቀበሌው ስብሰባም ተነሥተው «ይህ መድኃኒት ለምን ጠፋ?» ብለው ይጠይቁ። በዕድራቸው ስብሰባ ዝም የማይሉ እናት በመድኅኑም ዝም ሊሉ አይገባቸውም።

እኛም የኮሌጁ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ የቤታችን ስንሄድ ይህን ሒሳብ በቤተ ሰቦቻችን ቋንቋ ማስረዳት ግዴታችን ነው ብለን እናምናለን። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜም ጓደኛችን የእናቱን ደብተር ከፊቱ አድርጎ፣ በዚህ ጽሑፍ በምሳሌ ባስቀመጥናቸው ቁጥሮች ፋንታ የእርሳቸውን እውነተኛ ወጪ አንድ በአንድ ሊጽፍ ቃል ገብቶልናል።