ጄሶው ተፈታ፤ እግሩ ግን ለምን ቀጠነ?

ጄሶ ተፈትቶ “አጥንቱ ገጥሟል” ከተባለ በኋላ በጣም የሚደጋገም ጥያቄ አለ። “ዶክተር፣ እግሬ ለምን እንዲህ ቀጠነ? ስራመድስ ለምን ይከዳኛል?”

አጥንቱ ድኗል፤ ጡንቻው ግን ገና ነው። ጡንቻ ሥራ ካልተሰጠው ቶሎ ይከሳል። ሁለት ሳምንት ብቻ ሳይንቀሳቀስ ቢቆይ እንኳን ልዩነቱ ይታያል። የተሰበረ እግር ደግሞ ብዙ ጊዜ 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ ጄሶ ውስጥ ይቆያል። የባትና የፊት ጭን ጡንቻዎች በደንብ ይጎዳሉ፣ መገጣጠሚያውም ይደርቃል።

እዚህ ላይ አንዳንዱ ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ በሳምንቱ ኳስ ሜዳ ይገኛል። አብዛኛው ግን በተቃራኒው እግሩን እንደ እንቁላል ይጠብቀዋል። አንዲት እናት ጄሶ ከተፈታላቸው በኋላ ልጆቻቸው ለሁለት ወር “ይረፉ እማዬ” እያሉ ከአልጋ አላስነሷቸውም። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን ወደኛ ሲመጡ ጤነኛው እግራቸውም ደክሞ ነበር፤ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ሁለት ሰው ይደግፋቸዋል። ቤታቸው ደግሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቱ የጀመረላቸው ከወንበር በመነሳት ነው። መጀመሪያ ትራስ ተደራርቦበት ከፍ ካለ ወንበር፣ ከዚያ ትራሱ አንድ በአንድ እየተቀነሰ፣ ከዚያ አንድ ደረጃ መውጣትና መውረድ። ሦስት ወር ገደማ ፈጀ፤ አሁን ፎቁን ራሳቸው ይወጣሉ፣ የደረጃውን ድጋፍ እየያዙ።

ብዙ ሰው ፊዚዮቴራፒ ሲባል የሚመጣለት መታሸትና በማሽን መሞቅ ነው። እሱ ሕመም ሊያስታግስ ይችላል፤ ጡንቻ ግን አይገነባም። ጡንቻ የሚገነባው እናንተ ስትሠሩ ነው። (ጄሶ በተፈታ ማግስት ወጌሻ ጋር ሄዶ በኃይል መታሸት ደግሞ ጭራሽ ጉዳት አለው፣ ተውት።)

ታዲያ ባለሙያው ምን ይሠራል? በመጀመሪያ ይለካል። የሁለቱን ጭኖች ዙሪያ በሜትር ያነጻጽራል፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ እንደምትነሱ ይቆጥራል፣ ዝግጁ ስትሆኑ በአንድ እግር ቆማችሁ ተረከዛችሁን ስንት ጊዜ እንደምታነሱ ያያል። ከዚያ ሸክሙን በእናንተ ልክ ይሰጣችኋል፤ የሚለጠጥ ላስቲክ ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ክብደት ሊሆን ይችላል። የተለመደው ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ 2 ወይም 3 ዙር፣ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሊከብዷችሁ ይገባል። 30 ጊዜ እያወራችሁ ከሠራችሁት ሸክሙ ቀሏል ማለት ነው። አጥንቱ ምን ያህል ክብደት እንደሚችል የሚወስነው ግን ራጁን ያየው ሐኪም ስለሆነ፣ ያለ እሱ ፈቃድ አትጀምሩ።

“እያመመኝ ልሥራ?” ለሚለው፦ ከ10 እስከ 3 የሚሆን ሕመም ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፣ በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት ከተመለሰ። በማግስቱ ከባሰ ወይም ካበጠ ሸክሙን ቀንሱና ለባለሙያው ንገሩት። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ጨርሶ በማቆም ነው።

ሌላው ሰው የሚያቋርጥበት ጊዜ ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ “እግሬ አሁንም ቀጭን ነው” ብሎ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ጉልበት በአብዛኛው ነርቭ ጡንቻውን በደንብ ማዘዝ ስለሚጀምር ነው። ጡንቻው ራሱ ወፍሮ እስኪታይ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ለመገንቢያው ደግሞ ፕሮቲን ያስፈልጋል፦ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት። በጾም ወቅት ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ በርከት ይበል።

የገንዘቡን ነገር አውቃለሁ፣ በየቀኑ መመላለስ ለብዙዎቻችሁ አይቻልም። ስለዚህ “ቤት የምሠራውን ስጡኝ” ብላችሁ ጠይቁ፤ ሲያሳዩአችሁ አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፣ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ሸክሙን ለማስተካከል ብቻ ሂዱ። ቲክቶክ ላይ ያያችሁትን የሌላ ሰው ጉልበት እንቅስቃሴ ግን ለእናንተ ስብራት አታድርጉት።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጄሶ ከተፈታ በኋላ እግር ማታ ማታ ትንሽ ማበጡ፣ ከፍ አድርገው ሲያሳርፉት መቀነሱ የተለመደ ነው። ነገር ግን ባታችሁ በአንድ በኩል አብጦ፣ ሞቆና አሞ ከቆየ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ ታዩ፤ እሱም እስክትታዩ ድረስ አይታሽም። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።