ጉንዳን ለዛፍ ምን ያደርግለታል?

ጉንዳን ስለ ዛፍ የሚጨነቀው ነገር የለም፤ የሚጨነቀው ስለ ሆዱ ነው። ይሁን እንጂ በኤውሮፓ ደኖች ውስጥ አንዳንዱ ዛፍ የሚተርፈው ከአጠገቡ የጉንዳን ጉብታ በመኖሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሰሜን ፊንላንድ በርች የተባለ ዛፍ ይበቅላል። ዋና ጠላቱ አንድ ዓይነት የእሳት እራት ሲሆን፣ ትሎቹ በየአሥር ዓመቱ ገደማ እንደ ተምች ይፈላሉ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በተነሣው መቅሠፍት ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ደን ቅጠሉ ተበልቶ ደርቆ ቀርቷል። ላይኔ እና ኒየሜላ የተባሉ ሁለት የፊንላንድ ሊቃውንት በ1980 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት ግን፣ እንዲህ ያለ የትል ወረራ ሲደርስ በጉንዳን ጉብታ ዙሪያ የቆሙት በርቾች ቅጠላቸውን ይዘው ይቆያሉ። በተራቆተው ደን መካከል ለምለም ደሴት መስለው ይታያሉ።

ምክንያቱ ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። በአንድ ጉብታ ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ጉንዳን ሊኖር ይችላል፤ እጮቹም የሚያድጉት በሥጋ ነው። ስለዚህ ሠራተኞቹ ግንዱን እየወጡ ትሉን ከቅጠሉ ላይ ነጥቀው ወደ ቤታቸው ይጎትቱታል።

እዚህ ላይ ብናቆም ነገሩ «የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው» በሚለው ያልቅ ነበር። ነገር ግን ይህ አዳኝ እረኛም ነው! ክሽክሽ የምንለው የዛፍ ፈሳሽ መጣጭ ተባይ ከኋላው ጣፋጭ ነገር ያወጣል። ጉንዳኑ ይህን ስለሚወድ ክሽክሹን ከጠላት እየጠበቀ እንደ ላም ያልበዋል። ስኪነር እና ዊተከር በ1981 ዓ.ም. ያወጡትን የእንግሊዝ አገር ጥናት እንመልከት። የአንዳንዱን ዛፍ ግንድ በሚያጣብቅ ነገር ከበው ጉንዳን እንዳይወጣበት ከለከሉ። ጉንዳን በሚወጣባቸው ዛፎች ላይ ትሉ አነሰ፤ ቅጠሉም ያን ያህል አልተበሳም። ጉንዳን የማያልበው የክሽክሽ ዓይነትም አነሰ። የሚያልበው ዓይነት ግን በዛ።

እንግዲህ ዛፉ ለዘበኛው ደመወዝ ይከፍላል ማለት ነው፤ የሚከፍለውም ከገዛ ደሙ ነው። ትል በሌለበት ዓመት ሒሳቡ ወደ ኪሳራ ሊያዘነብል ይችላል፤ ትል በፈላበት ዓመት ግን ዛፉ ሕይወቱን ያተርፋል። አንድ የደን ሹም በአንድ ሰላማዊ ዓመት ክሽክሽ አይቶ ጉንዳኑ ይጥፋ ብሎ ቢፈርድ፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ሌባ ባልመጣበት ሳምንት ዘበኛን እንደ ማባረር ነው።

ኢጣልያኖች ከአልፕስ ተራሮች ጉብታ እያነሡ ወደ አፔኒን ደኖች አዛውረዋል፤ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ጉንዳኑ ከኢጣልያ ባሕር ተሻግሮ ወደ ካናዳ፣ ኩቤክ፣ ተወስዷል። በጀርመን አገር በሕግ የተጠበቀ ነው። እዚያ ለጉብታዎቹ ከሚቆረቆሩት መካከል ንብ አርቢዎች ይገኛሉ። እነርሱ የሚመኙት ግን ትሉ እንዲበላ ሳይሆን ክሽክሹ እንዲበዛ ነው፤ ንቦቻቸው ያንኑ ጣፋጭ ፈሳሽ እየቀሰሙ ጠቆር ያለ የደን ማር ይሠራሉና።