ስለ ረቂቅና ስለ እርማት

ወጣቶችን «እንደ መጣልህ ጻፍ፣ ኋላ ፊደሉን ታርማለህ» እያሉ የሚያስተምሩ ሰዎች ብዙ በደል ይፈጽሙባቸዋል፤ እርማትን ከአሳብ ለይተው የጽዳት ሥራ ያደርጉታልና። ጸሐፊ ምን እንደሚያስብ አጥርቶ የሚያውቀው ረቂቁን መልሶ ሲያነብ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ የሚታረመው አሳቡ ነው።

በካዛንቺስ ዳር፣ በአፍሪካ አዳራሽ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. በአፍሪካ መሪዎች ጉባኤ የሆነውን እንመልከት። ቀድመው የተሰበሰቡት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች የኢትዮጵያ ረቂቅ የመነጋገሪያ መሠረት እንዲሆን ከመምከር አልፈው በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ሊስማሙ አልቻሉም፤ የጋናው ክዋሜ ንክሩማ የአንድነት መንግሥት ወዲያው እንዲቆም ሲሹ፣ ብዙዎቹ ሉዓላዊነታቸውን ጠብቀው ቀስ በቀስ መተባበርን ይመርጡ ነበርና። ነገር ግን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጉባኤው ቻርተር ሳያጸድቅ እንዳይበተን አጥብቀው ስላሳሰቡ፣ መሪዎቹ ተከራክረው ግንቦት 17 ቀን ፈረሙ። እዚያ የታረመው የቃሉ ውበት ሳይሆን፣ አፍሪካ ምን ትሁን የሚለው ነበር፤ ረቂቅ ባይቀርብ ኖሮ ክርክሩ ማረፊያ ባላገኘ ነበር።

እርማትን ከብራና ፍቀት ጋር ማመሳሰል እወዳለሁ። የፍየሉ ቆዳ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ይወጠራል፣ በአንድ ወገን ሥጋው በሌላው ጠጕሩ ይፋቃል፤ ረቂቅም ሳይነካ ይቆይ፣ ቀጥሎ «ይህን ለምን አልህ?» እየተባለ ይወጠር፣ ከዚያም ከሥጋው ወገን ትርፍ አሳብ፣ ከጠጕሩ ወገን ትርፍ ቃል ይፋቅ። ቆዳው የሚዘፈዘፍበት ውኃ እንኳ ምሥጢር አለው፤ ይኸውም ጸሐፊው ረቂቁ በሚቆይበት ጊዜ የሚያነበው የሌላ ሰው መጽሐፍ ነው፤ ያለ እርሱ ቆዳው አይለሰልስም።

በሥራዬ ካየኋቸው ረቂቆች አንዱ ስለ አንድ ጦርነት የተጻፈ የታሪክ ድርሰት ነበር፤ አራሚው ሠራዊትን በንጉሡ «ሠ»፣ ኃይልን በብዙኃኑ «ኀ» እያስተካከለ ኅዳጉን በቀይ ቀለም ሞልቶታል፤ ጦርነቱ ለምን እንደ ተጀመረ ግን የሚናገር አንድ መስመር አልነበረም፣ የጠየቀም አልነበረም። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለውን አሳብ ፈጽሞ አልደግፍም፤ የግእዙን ሥር ያሳያሉና ይጠበቁ እላለሁ፤ ዳሩ ግን ፊደልን ማረም የመጨረሻው ቀን ሥራ ነው።

እርማት አስቀድሞ የአሳብ መሆኑን የቅኔ ቤትም ያስተምራል፤ የቅኔ ተማሪ ከሰው ተለይቶ፣ ብራናና ብዕር ሳይዝ፣ ቅኔውን በዛፍ ሥር ይቆጥርና በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም ቤቱ የጎደለውን፣ ምሥጢሩ ያልተካከለውን ያቀናለታል፤ ሁለት ቤት ብቻ ያለው ጉባኤ ቃና እንኳ ከዚህ አያመልጥም። እንግዲህ የእርማት መንገድ እንደ ሰዉ ይለያያልና፣ በእግር ጉዞ አሳቡ የሚከፈትለት ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ካዛንቺስ እየተራመደ ያርም፤ በጆሮው የሚፈርድ ጮኽ ብሎ ያንብብ፤ ክርክር የሚያነቃው ረቂቁን ለማይራራለት ወዳጅ ይስጥ። የመጀመሪያውን ንባብ ግን ማንም ቢሆን ብዕር ሳይዝ ይጨርስ፤ ከዚያም የድርሰቱን አሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ ካቃተው ቃላቱን ትቶ ክፍሎቹን እንደ ገና ያደራጅ።