ትምህርት በፕሮጀክት፣ ጠባይ በሥራ፦ ስለ አንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት የሚነገረው ተረትና እውነታው

ብዙውን ትምህርት በአንድ ሥራ አስተሳስሮ ማስተማር፣ በዚያውም ሥራ የሕፃናትን ጠባይ ማነጽ ይቻላል የሚለው አሳብ ከመቶ ዓመት በላይ በሊቃውንት ዘንድ ሲመረመርና በየአገሩ ሲፈተን የኖረ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬም በመምህራን ስብሰባ ወይም በወላጆች ጉባኤ ሲነሣ፣ የሚደገፈውም የሚነቀፈውም አብዛኛውን ጊዜ በተባራሪ ወሬ ነው። በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለአንደኛ ደረጃ ስምንት ዓመት መድቦ የነበረ ሲሆን፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ይህንኑ ወደ ስድስት ዓመት መልሶ ግብረ ገብን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎ ስላስገባው፣ ትምህርትን ከትምህርት፣ ዕውቀትንም ከምግባር እንዴት እናዋሕድ የሚለው ጥያቄ የየመምህሩ የዕለት ጥያቄ ሆኗል። ስለዚህ ተደጋግመው ከሚነገሩት አባባሎች ስድስቱን እያነሣን ተረቱን ከእውነታው እንለይ።

ተረት ፩፦ «ፕሮጀክት ማለት ተማሪው ከቤቱ ሠርቶ የሚያመጣው ነገር ነው።»

እውነታው፦ ይህን ተረት ያጸናው በየከተማው የምናየው ልማድ ነው፤ መምህሩ ዓርብ ዕለት «ፕሮጀክት ሠርታችሁ ኑ» ብሎ ያዛል፣ እናት ካርቶንና ኮላ ትገዛለች፣ ታላቅ ወንድም ቆርጦ ይለጥፋል፣ ሕፃኑም ሰኞ ጠዋት ተሸክሞት ይመጣና ማርኩ ባልደከመበት ሥራ በስሙ ይመዘገባል። ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ባቋቋመው ትምህርት ቤት ሕፃናት ምግብ እያበሰሉ፣ እየሸመኑና እንጨት እየጠረቡ ስሌትን፣ ታሪክንና የተፈጥሮን ሥርዓት ሲማሩ፣ ዊልያም ኪልፓትሪክም እ.ኤ.አ. በ1918 ስለ ፕሮጀክት ዘዴ የታወቀውን ጽሑፉን ሲያወጣ፣ ሁለቱም ያሰቡት ሕፃኑ ራሱ በመምህሩ ፊት የሚሠራውንና የሚማርበትን ሥራ ነበር። መለያውም ቀላል ነው፤ ተማሪው ትምህርቱን ሳያውቅ ሥራውን ሊፈጽመው የሚችል ከሆነ፣ ያ ሥራ ፕሮጀክት ሊባል አይገባውም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የምታፈስ ቧንቧ አለች እንበል። የአራተኛ ክፍል ልጆች አንድ ሊትር የሚይዝ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ከሥሯ አስቀምጠው በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ይመዘግባሉ፤ በ5 ደቂቃ የሚሞላ ቢሆን በሰዓት 12 ሊትር፣ በአንድ ቀንና ሌሊት 288 ሊትር እንደሚፈስ ያሰላሉ፤ ይህንንም ቤተሰቦቻቸው ውኃ በሚቀዱበት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲያካፍሉት፣ 14 ጀሪካን ሞልቶ ገና 8 ሊትር እንደሚተርፍ ያገኙታል። በአካባቢ ሳይንስ ውኃው ከየት ተነሥቶ፣ በምን ተጣርቶ ግቢያቸው እንደ ደረሰ ይማራሉ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ በየቦታው የተጻፈበት፣ ቀኑ የሰፈረበትና ቁጥሩ የተጠቀሰበት ማመልከቻ ለርእሰ መምህሩ ይጽፋሉ። ማካፈል የማይችል ልጅ ጀሪካኑን አይቆጥርም፤ ዓረፍተ ነገር ማሳካት የማይችልም ማመልከቻውን አይጽፍም። ለዚህ ሁሉ ከባዶ ፕላስቲክ፣ ከሰዓትና ከደብተር በቀር የሚያስፈልግ ነገር ስለሌለ፣ «ይህ ትምህርት ለባለጸጋ ትምህርት ቤት ብቻ ነው» የሚለውም አባባል አብሮ ይወድቃል።

ተረት ፪፦ «ፕሮጀክት ከገባ የትምህርት ዓይነቶች ይቀራሉ፤ ፊንላንድም ሰርዛቸዋለች።»

እውነታው፦ ፊንላንድ ሒሳብን፣ ታሪክንም ሆነ ሌላውን የትምህርት ዓይነት አልሰረዘችም። በ2014 ጸድቆ ከነሐሴ 2016 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርቷ ያዘዘው፣ እያንዳንዱ ተማሪ ልዩ ልዩ ትምህርቶችን ያስተባበረ አንድ የጥናት ክፍል ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲያገኝ ነው። የቀረው ዘመን በየትምህርቱ ዓይነት ይከፈላል። ማስተባበር የሚቻለው በየራሱ የቆመን ነገር ነውና፣ ሒሳቡ በሒሳብነቱ፣ ቋንቋውም በቋንቋነቱ በሥርዓት ካልተሰጠ ፕሮጀክቱ የሚያስተባብረው ነገር አይኖረውም።

ተረት ፫፦ «መምህሩ ዳር ቆሞ ይመለከታል፤ ልጆቹ ዕውቀቱን ራሳቸው ያገኙታል።»

እውነታው፦ ይህ አባባል ከነቃፊዎች ይልቅ ከደጋፊዎች አፍ የሚወጣ በመሆኑ ጉዳቱ የከፋ ነው። ዱዊ ራሱ፣ የእርሱን ትምህርት እንከተላለን የሚሉ ትምህርት ቤቶች ሕፃናትን ያለ አመራር ሲለቋቸው አይቶ፣ «ልምድና ትምህርት» በተባለውና እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ልምድ ሁሉ እኩል አስተማሪ አለመሆኑንና ልምዱን መርጦ የማሰናዳት ኃላፊነት የመምህሩ መሆኑን አስረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2006ም ፖል ኪርሽነር፣ ጆን ስዌለርና ሪቻርድ ክላርክ ባወጡት ሰፊ ክርክር ባስነሣው ጽሑፍ፣ ጀማሪ ተማሪ ያለ በቂ መሪ ሲተው፣ በአንድ ጊዜ ጥቂት ነገር ብቻ ሊይዝ የሚችለው አእምሮው በፍለጋው ድካም ስለሚጨናነቅ ለትምህርቱ የሚተርፈው ኃይል ጥቂት መሆኑን አመልክተዋል። እንግዲህ ማባዛትና ማካፈል አስቀድሞ በሰሌዳ ላይ ያልተማረ ልጅ ከቧንቧዋ አጠገብ ቢውል ልብሱን ያረጥባል እንጂ ስሌት አይማርም። በፕሮጀክት የሚያስተምር መምህር የቱ ትምህርት በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ፣ የቱ ቡድን ምን እንደሚሠራ፣ ማን በምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ መወሰን ስላለበት ድካሙ ከተለመደው ይበዛል እንጂ አያንስም።

ተረት ፬፦ «ልጆቹ በፕሮጀክት ሲጠመዱ ንባባቸው ይዳከማል።»

እውነታው፦ በጥናቱ ጊዜ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረችው ኔል ዱክና ባልደረቦቿ፣ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ቤተሰቦች ልጆች በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች፣ የሁለተኛ ክፍል መምህራንን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ አንዱ ወገን የኅብረተሰብ ትምህርትንና ንባብን በፕሮጀክት፣ ሌላው እንደ ልማዱ እንዲያስተምር አድርገው ነበር። በፕሮጀክት የተማሩት ልጆች ዕድገት በኅብረተሰብ ትምህርት 63 በመቶ፣ ዕውቀት ሰጪ ጽሑፍን በማንበብ ደግሞ 23 በመቶ ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ። በጽሕፈትና በትምህርት ፍላጎት ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም፤ ስለዚህ ዘዴው ለሁሉ መድኃኒት ነው ማለትም ሌላ ተረት ነው። ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን፣ የተሰጣቸውን የትምህርት ዕቅድ አጥብቀው የተከተሉ መምህራን ልጆች በንባብ፣ በጽሕፈትና በፍላጎትም የተሻለ ዕድገት ማሳየታቸው ነው። ዕቅዱን መከተል በሦስተኛው ተረት ላይ ያነሣነውን የመምህሩን ድካም ማክበር ነውና።

ተረት ፭፦ «ጠባይ በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ በቃል ተነግሮ ይያዛል።»

እውነታው፦ ሕፃን የሐቀኝነትን፣ የትዕግሥትንና የርኅራኄን ምንነት ማወቅ ስላለበት፣ ግብረ ገብ የራሱ ሰዓት ማግኘቱ መልካም ነው። ነገር ግን ሂዩ ሀርትሾርንና ማርክ ሜይ ከ10,000 በላይ በሚሆኑ የአሜሪካ ልጆች ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1930 ባሳተሙት ምርመራ፣ ልጆቹን በክፍል ፈተና፣ በቤት ሥራና በጨዋታ ማታለል በሚቻልበት ሁኔታ ላይ አስቀምጠው ቢያዩአቸው፣ በአንዱ ስፍራ ታማኝ የነበረው በሌላው ሲያታልል፣ ስለ ሐቀኝነት በቃል አሳምሮ የመለሰውም በተግባር ሐቀኛ ለመሆኑ ብዙ ዋስትና ሳይሰጥ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2010ም የአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት የምርምር ክፍል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡ 7 የጠባይ ማነጫ መርሐ ግብሮችን አስመርምሮ፣ በጥቅሉ በልጆቹ ጠባይ ላይ ያመጡት መሻሻል አላገኘም። ከዚህ የምንማረው ጠባይ አይታነጽም ብለን ተስፋ መቁረጥን አይደለም፤ በጎነት የሚለመደው በሚፈተንበት ስፍራ መሆኑን ነው።

ወደ ቧንቧዋ ልጆች እንመለስ። አንደኛው ቡድን 5 ደቂቃ ብሎ ሲመዘግብ፣ ሁለተኛው ቡድን 6 ደቂቃ አግኝቶ ስሌቱ በቀን 240 ሊትር ሆነ እንበል። የሁለተኛው ቡድን ልጆች የአንደኛውን ቡድን ቁጥር ሲሰሙ ፈጥነው ላጲስ ያነሣሉ። የግብረ ገብ ሰዓት ያቺ ናት። መምህሩ ላጲሱን አስቀምጠው፣ «ያያችሁትን የጻፋችሁ ከሆነ አትሰርዙት፤ ሁለታችሁም በስንት ሰዓት ለካችሁ?» ብለው ሲጠይቁ፣ አንደኛው ቡድን በማለዳ፣ ሁለተኛው በረፋድ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ውኃ በሚቀዳበትና ግፊቱ በሚደክምበት ሰዓት እንደ ለካ ሊታወቅ ይችላል። ልጆቹ ያን ጊዜ ያዩትን መመስከር ለዕውቀትም እንደሚጠቅም፣ ተሳስተው ቢሆንም እንኳ እንደ ገና መለካት እንደማያሳፍር በገዛ ሥራቸው ይረዳሉ። መምህሩ ግን ለተመሳሳይ ቁጥር ብቻ ማርክ የሚሰጡ ቢሆን ኖሮ፣ ስለ ሐቀኝነት ያስተማሩትን ሁሉ በዚያች ቅጽበት ባፈረሱት ነበር።

ተረት ፮፦ «ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ትምህርት ነው።»

እውነታው፦ ስሙና የዛሬው አደረጃጀቱ ከውጭ መምጣቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ዕውቀትን በአንድ ሥራ ማዋሐድን የቅኔ ቤታችን ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ከመምህሩ ከሰማ በኋላ ቆጠራ ወጥቶ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ፣ የቋንቋውን ሥርዓት፣ የመጻሕፍትን ታሪክና የዜማውን ልክ አስማምቶ የራሱን ቅኔ ያሰናዳል፤ ያሰናዳውን ለማሰማት (ለነገራ) ሲቀርብም መምህሩ ያርሙለታል። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ሦስት ቤት ባለው ዘአምላኪየ አልፎ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስ ይወጣል። ቁራሽ ለምኖ ከባልንጀሮቹ ጋር ተካፍሎ ሲበላ፣ ለመምህሩ ሲታዘዝና ከእርሱ በኋላ የመጡትን ሲረዳ ጠባዩም አብሮ ይታነጻል። የዚያ ቤት በር ለሴቶች ልጆች እጅግ የጠበበ፣ ተግሣጹም ብዙ ጊዜ በበትር የታገዘ ስለ ነበር እንዳለ ወደ ሕፃናት ክፍል ይግባ አንልም፤ ነገር ግን አስቀድሞ ማስተማርን፣ የግል ሥራን ማሠራትንና በጉባኤ ፊት ማረምን ከእርሱ መውሰድ የገዛ ርስትን መውሰድ ነው።

እንግዲህ ሥርዓተ ትምህርት የምታዘጋጁ ሊቃውንት፣ ርእሳነ መምህራንና መምህራን ሆይ፣ ሁሉን በአንድ ዓመት ለመለወጥ አትጣደፉ። በመንፈቀ ዓመት አንድ ፕሮጀክት ይበቃል፤ አስቀድማችሁ እያንዳንዱ ትምህርት ሕፃኑ እንዲያውቅ የሚሻውን ጻፉ፣ ከዚያም ያን ዕውቀት ግድ የሚል ሥራ ምረጡ፣ በመጨረሻም ቡድኑን በሥራው፣ እያንዳንዱን ልጅ ግን ለየብቻው በቃልና በጽሑፍ መዝኑት። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ያጎበጠውን መሥመር አታቅኑለት፤ ጎብጦም ቢሆን በገዛ እጁ የሠራውን ይዞ ይሂድ።