በራሪው ሙዝ እና ለእርሱ የተቃኘው ባንድ



የዚህ ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ከሙዚቃ ተማሪዎች ይልቅ የግብርና ተማሪዎችን ይስብ ይሆን የሚል ሥጋት ነበረኝ። ዛሬ የምንነጋገርበት ሙዝ የማይበላ ነው። ቢጫ ቀለም ያለው የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ስሙንም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 ለወጣ አንድ አልበም አውርሷል፤ «ፍላይንግ ማይክሮቶናል ባናና»፣ በእኛ አነጋገር «በራሪው ማይክሮቶናዊ ሙዝ»። ባለቤቱ በ2010 በአውስትራሊያ፣ በሜልበርን ከተማ የተመሠረተ ኪንግ ጊዛርድ ኤንድ ዘ ሊዛርድ ዊዛርድ የተባለ ባንድ ነው። ስሙን ቃል በቃል ብንመልሰው ከዶሮ ሆድ ዕቃ፣ ከእንሽላሊትና ከጠንቋይ በቀር የምናገኘው ነገር የለም። ቃላቱን አንድ ላይ ያቆማቸው ቤት መምታታቸው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ቀልድ ለሳይኬደሊክ ሮክ እንግዳ አይደለም። «ሳይኬደሊክ» የሚለውን ቃል በ1950ዎቹ ያስገኘው ሃምፍሪ ኦዝመንድ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሲሆን፣ አእምሮን የሚገልጥ የሚል ሐሳብ ይዟል። በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሙዚቀኞች ቃሉን ወስደው ለተዛባ፣ ለሚያስተጋባና ለሚረዝም ድምፅ ስም አደረጉት። ከዚያው ጋር የሕፃን ጨዋታ የሚመስል ቀልድ ገባ። ፒንክ ፍሎይድ በ1967 ያወጣው የመጀመሪያው አልበም የሚዘጋው ስለ ብስክሌት በተዘፈነ ዘፈን ነው። በዚሁ ዘመን ደግሞ ሌላ ልማድ ሥር ሰደደ፤ የሕንዱን ሲታር አምጥቶ በሮክ ዘፈን ላይ እንደ ቅመም መነስነስ። ሲታሩ ለጌጥ ተጠራ እንጂ የቤቱን ሥርዐት እንዲለውጥ አልተፈቀደለትም። የሜልበርኑን አልበም ለመመዘን ይህን ልማድ ማስታወስ ይገባል።

አሁን ወደ ጊታሩ እንምጣ። በተለመደው ጊታርና ፒያኖ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም የድምፁ የንዝረት ብዛት እጥፍ እስኪሆን ያለው ርቀት፣ በ12 እኩል ክፍሎች ይከፈላል። ርቀትን የምንለካበትን ሴንት የተባለ መስፈሪያ ብንወስድ እያንዳንዱ ክፍል 100 ሴንት ነው። ቢጫው ጊታር ግን በተለመዱት ፍሬቶች መካከል ተጨማሪ ፍሬቶች ስላሉት ኦክታቩን በ24 የሚከፍለውን ሥርዐት ለመጫወት የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ 50 ሴንት ይሆናል። መነሻው የባንዱ መሪ ስቱ ማኬንዚ ለቱርኩ ባግላማ የነበረው ፍቅር ነው። ባግላማ ረጅም አንገት ያለው ባለ ክር መሣሪያ ሲሆን፣ ፍሬቶቹ በአንገቱ ላይ የታሰሩ ስለሆኑ ይንቀሳቀሳሉ፤ በፒያኖው ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ድምፆችንም ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ተፈጠረ፤ የአልበሙም ቁም ነገር ያለው በዚህ ችግር ውስጥ ይመስለኛል። ቢጫው ጊታር አዲሶቹን ድምፆች በተጫወተ ቁጥር የባንዱ ሌሎች መሣሪያዎች ከእርሱ ጋር መስማማት አልቻሉም። የተለመደው መፍትሔ እንግዳውን ማረም ነው። እነርሱ ያደረጉት ግን ተቃራኒውን ነው። ባንዱ ለእያንዳንዱ አባል 200 ዶላር በጀት መድቦ፣ መሣሪያ ገዝቶ ማይክሮቶናዊ እንዲያደርገው ወሰነ። ሌሎች ጊታሮች፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ሃርሞኒካ ሳይቀር ተለወጡ። በቱርክ ሠርግ ከከበሮ ጋር የሚነፋው ዙርናም ተጨመረ። ሃርሞኒካን ያህል ግትር መሣሪያ ለአንድ ሙዝ ሲባል ሲታረም ማሰብ በራሱ ያስቃል። ሆኖም ከ1960ዎቹ ሲታር ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ እንግዳው ለቤቱ ከሚታረም ይልቅ ቤቱ ለእንግዳው ታረመ።

ቀልዱ ለምን አስፈለገ? ጆሮ ለማያውቀው የድምፅ ርቀት የሚሰጠው የመጀመሪያ ፍርድ «አልተቃኘም» የሚል ነው። ይህን ፍርድ ማዘግየት ያስፈልጋል። አልበሙን የሚከፍተው «ራትልስኔክ» ለስምንት ደቂቃ ያህል በማይናወጥ ምት ይጋልባል፤ ግጥሙም በአብዛኛው የአንድ እባብን ስም ደጋግሞ መጥራት ነው። አድማጩ ፈገግ እያለ፣ ነገሩን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ይከተላል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ሩብ ድምፆቹ ለጆሮው ተለምደዋል። ይህን ሰምና ወርቅ ብሎ ለመጥራት የሚቃጣው ሰው ይኖራል፤ እኔ አልስማማም። በቅኔ ወርቁ በሰሙ ቃላት ውስጥ ይገኛል። እዚህ ቀልዱን ብትቆፍሩት ሌላ ፍቺ አታገኙበትም፤ ሥራው የአድማጩን ጥበቃ ማላላት ብቻ ነው። በተላላው በር ደግሞ ሌላ ነገር ይገባል። «ሜልቲንግ» ስለ ምድር መሞቅ ነው፤ «ዱም ሲቲ» አየሯ ስለ ተበከለ ከተማ ነው፤ «አኖክሲያ» የሚለው ርእስ ራሱ የኦክስጅን እጦት ማለት ነው። ዘጠኝ ዘፈኖች ባሉት በዚህ «አስቂኝ» አልበም ውስጥ መተንፈስ የሚያስቸግርባቸው ስፍራዎች ጥቂት አይደሉም።

ምስጋናው ግን ገደብ አለው። በመጀመሪያ፣ ባግላማን ከሮክ ጋር ያገናኙት እነርሱ አይደሉም፤ ኤርኪን ኮራይን የመሳሰሉ የቱርክ ሙዚቀኞች በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ሠርተውበታል። ሁለተኛውና የሚከብደው፣ 24 እኩል ክፍሎችም ቢሆኑ እኩል ክፍሎች ናቸው። የባግላማ ተጫዋች ፍሬቱን የሚያስረው እንደ አካባቢው ልማድና እንደ ጆሮው እንጂ በ50 ሴንት እየለካ አይደለም። ባንዱ ከአንድ ጠባብ ፍርግርግ ወጥቶ ወደ ሌላ፣ ሰፋ ወዳለ ፍርግርግ ገብቷል።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው፤ ማሲንቆ ፍሬት የለውም። የአንቺሆዬን ርቀቶች በፒያኖ ቁልፍ ላይ ፈልጎ ለማግኘት የሞከረ ሁሉ ድካሙን ያውቀዋል፤ በ24ቱ ክፍሎች ውስጥም ተሰናድተው አይጠብቁትም። ነገር ግን በስቱዲዮም ሆነ በሠርግ አዳራሽ ክራርና ኪቦርድ ሲገናኙ ማን ለማን እንደሚቃኝ አስተውሉ። ተጫዋቹ የክራሩን መቃኛ እያጠበቀና እያላላ ከኪቦርዱ ጋር ያስተካክላል፤ ኪቦርዱን ወደ ክራሩ ልቃኝ የሚል ብዙም አይሰማም። የሚገርመው፣ ድምፁን በጥቂት ሴንት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቅንብር በብዙ ዘመናዊ ኪቦርዶች ውስጥ አለ። የአረብ ሙዚቃ ተጫዋቾች ሩብ ድምፅ ለማውጣት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የእኛ ኪቦርድ ተጫዋች ግን መሣሪያውን ለዓመታት ይዞ ያንን ቁልፍ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነካው ሊቀር ይችላል። የትዝታ ሦስተኛ ድምፅ በአንድ አረጋዊ ክራር ላይ የት እንደሚያርፍ ሳይለካ፣ ልጁ ከኪቦርድ ጋር በሚጫወተው ክራር ላይ ወደ 400 ሴንት ይሳባል። ከአንድ ትውልድ በኋላ የአባትየው ክራር «አልተቃኘም» ይባላል።

በሚቀጥለው ሳምንት የተግባር ክፍለ ጊዜ ክራርና ማሲንቆ የሚጫወቱ ተማሪዎች በኪቦርድ ሳይቃኙ እንዲመጡ እጠይቃለሁ። የምንቀዳው መጀመሪያ በራሳቸው ቅኝት ነው፤ ከዚያ ኪቦርዱን ወደ እነርሱ ለማምጣት እንሞክራለን። ለዛሬ «ራትልስኔክ»ን እንስማ። ጆሯችሁ መቃወሙን ያቆመው በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ በወረቀት ጫፍ ላይ ጻፉልኝ፤ ከዚያ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንመለሳለን።